አጭሩ መሰላል

«ረጅሙን አምጪ አላልኩሽም?» ደምሌ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ሚስቱ ላይ ጮኸ። በጋፋት መንገድ ዳር ያለው ወይራ ዛሬውኑ ይመልመል ብሎ ጣሊያን አዟል፤ ባንዳው ጠመንጃውን ታቅፎ ከሥር ቆሟል። ረጅሙን መሰላል በአዲስ ጠፍር አጥብቆ ያሰረው ራሱ ደምሌ ነበር። ጌጤ ግን ጎተራ ላይ የሚወጡበትን አጭሩን ተሸክማ መጣች። አዙሮ ቢያስደግፈውም ምሳሩ ከመጨረሻው ትልቅ ቅርንጫፍ አልደርስ አለ። ላቡ ዓይኑን አቃጠለው። «ምነው፣ ዓይን የለሽም እንዴ?» ጌጤ የመሰላሉን እግሮች ጨብጣ እንዳቀረቀረች ቀረች።

በንዴት ቅጠሉን በክንዱ ገለጥ ሲያደርግ ደርቆ ቀረ። ከጉብታው ምሽግ የመትረየሱ አፈሙዝ ፊት ለፊት ያየዋል። ዞር ሲል ከጀርባው የራሱ የጓሮ በር ነው፤ የጌጤ ወንድም ስንቅ ሊወስድ ከአርበኞቹ ዘንድ ሲመጣ የሚገባበት። በመትረየሱና በበሩ መካከል የቀረው ያ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር።

«ምን ገተረህ?» አለ ባንዳው።

ደምሌ ቅጠሉን ቀስ ብሎ መለሰና ወደ ታች አያት። አሁንም ቀና አላለችም።

«አንቺ ደነዝ!» ብሎ ከቅድሙ የባሰ ጮኸባት። «ረጅሙን ምስጥ እንደበላው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!»