የጁምዓ ውሃ

ልብስ ሰፊው ኑርዬ የመስታወት ገንዳውን ከደሴ ያመጣው በሚኒባስ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ አቅፎ። ሐይቅ አፍንጫው ሥር እያለ ዓሣ በመስታወት የሚያሳድግ ሰው ለከተማው መሳቂያ ሆነ። ኑርዬ ግን ደንታም አልሰጠውም።

ሚስቱ ራህማ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። «ልቧ ደክሟል፣ ትረፍ» ብለው ከሐኪም ቤት ሸኝተዋታል። ያደገችው ውሃው ዳር ነበርና ሐይቁ ይናፍቃታል፤ ቁልቁለቱን ወርዳ ለማየት ግን አቅም የላትም። ኑርዬም ሐይቁን ወደ አልጋዋ ላመጣው ብሎ ተነሳ።

አሸዋውን፣ የውሃውን ሣርና ጣት የማያክሉትን የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ያመጣለት የልጅነት ጓደኛው ዓሣ አጥማጁ አስረስ ነው። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥጋ ለየብቻ ይብሉ እንጂ ዓሣ ሲሆን ከአንድ ትሪ ነው።

«እነዚህ ዓሦች ከለመዱልኝ ወላሂ ራህማ ትነሳለች» አለ ኑርዬ ገንዳው በተሞላ ቀን። ራህማ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ አስረስም አስተዋለው።

ኑርዬ ሥራውን የተማረው ስልኩ ላይ ካገኘው የአንድ ፈረንጅ ቪዲዮ ነው። ፈረንጁ የሚለው ባይገባውም እጅ እጁን እያየ አሸዋውን አነጠፈ፣ ሣሩን በጠጠር እያስያዘ ተከለ፣ አምፖል ሰቀለ፣ አየር የምትነፋውን ትንሽ ሞተር ሰካ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው። ሰውየው ውሃ ሲቀይር በባልዲ ትንሽ ይቀዳና ሌላውን እዚያው ይተወዋል።

«ሰነፍ ነው» አለ ኑርዬ።

እሱ ቤት እንዲያ ያለ ነገር የለም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር፣ ገላውን ታጥቦ መስጊድ ከመሄዱ በፊት፣ ዓሦቹን ሳፋ ላይ ያወጣል። ገንዳውን ጠብታ ሳያስቀር ይደፋል፣ አሸዋውን ደጋግሞ ያጥባል፣ የሣሩን ቅጠል አንድ በአንድ ይወለውላል። ከዚያ የክሎሪን መድኃኒቱ ገና የሚሸተውን የቧንቧ ውሃ እስከ አፉ ይሞላዋል። ሽታው ራሱ ደስ ይለዋል፤ የንጽሕና ሽታ ነው።

«ጁምዓ አይደል? እነሱም ይታጠቡ እንጂ።»

አስረስ ይህን ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። «ባትነካው ምን አለ? ሐይቁን ማን ያጥበዋል?»

«አላህ ያጥበዋል።»

የኑርዬ ጥርጣሬ የጀመረው ጭራዋ በተቀደደባት ዓሣ ነው። ጣቱን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፍ ከሁሉም ቀድማ የምትመጣ እሷ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ አጣት። ቢቆጥር ቁጥራቸው አልጎደለም። በሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ ጎኗ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት የለችም፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ከደጃፉ እስከ ገንዳው ድረስ ወለሉ ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል።

«ማን መጥቶ ነበር?» አላት ራህማን።

«አስረስ ነዋ፣ ሊጠይቀኝ። አብሽር፣ ዓሦችህ ደህና ናቸው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጨርቅ አምጥቶ ወለሉን አደረቀ። ገበያ ላይ ግን አንድ ወሬ ደረሰው። ደሴ ያለ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ሰው የለመደ ዓሣ ያፈላልጋል አሉ። ኑርዬ እንጀራው መርፌ ነውና ሁለቱን ነገር ለመስፋት ጊዜ አልፈጀበትም። አስረስ የለመዱትንና የወፈሩትን ይወስዳል፣ በምትካቸው ከሐይቁ ያገኘውን ይጨምራል፤ ቁጥሩን ጠብቆ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶላቱን እንደጨረሰ ከሰው ጋር ሳይጨዋወት ገሰገሰ። አስረስን የግቢው በር ላይ አገኘው። እጅጌው እስከ ክንዱ ርሷል፤ በቅጠል የተሸፈነ ባልዲ ይዟል።

«ክፈተው» አለ ኑርዬ።

«አልከፍተውም።»

«በእኔ ደጅ የወጣ ነገር ነው። ክፈተው!»

እጁን ሲሰድ አስረስ ባልዲውን ደረቱ ላይ አቀፈው። «ኑርዬ፣ በእስጢፋኖስ ይዤሃለሁ፣ ይኼን አትይ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ።»

አስረስ የባልዲውን ቅጠል አስተካከለ። «ውሃውን ብቻ አትቀይረው» አለና ቁልቁለቱን ወረደ።

ኑርዬ ለራህማ ምንም አልነገራትም። ደግነቱ ያ ሳምንት ለእሷ ጥሩ ሳምንት ነበር፤ ምግብ ቀመሰች፣ ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች። እሱም ማታ ማታ ዓሦቹን እያየ «አልሐምዱሊላህ» ይላል።

ጁምዓ ሲደርስ ገንዳውን ከወትሮው አብልጦ አጠበው። አሁን እንግዲህ የሚነካበት የለም።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሲመለስ ለዓሦቹ የሚፈረፍር ዳቦ ገዝቶ ነበር። ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ ገባ። አምፖሉ በርቷል፣ ሣሩ ለምልሟል፣ ውሃው ጥርት ብሏል። ዓሦቹ በሙሉ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ዳቦውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ራህማ ከትራሷ ቀና ብላ ከጀርባው በሩን በሩን ታያለች። «ኑርዬ» አለች፣ «ዛሬ ምነው አስረስ ሌሎቹን ሳያመጣ ቀረ?»