ሃያ አንደኛው ጋሻ

«ታፕሊ፣ ውረድ» አለኝ አዲሱ ሎርድ። ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ረስቶ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም።

አልወረድኩም። መሰላሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አንድ እግሩ ያረፈው የመጀመሪያው ሎርድ ዌንስኮም የመቃብር ድንጋይ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን በሕይወቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አልነበረም ይባላል። ከፊቴ ግድግዳው ላይ የቤተሰቡ ሃያ ጋሻዎች ተሰልፈዋል፤ ለእያንዳንዱ ሎርድ አንድ፣ በቀይ መደብ ላይ ነጭ ፈረስ። ሴቶቹ ከታች፣ ጉልበት በሚደርስበት ናቸው። ለሴት ጋሻ አይሣልም፤ መዳፍ የምታህል፣ በጫፏ የቆመች አራት ማዕዘን ትበቃታለች። አያቴም አባቴም እንዲሁ ሲሥሉ ኖሩ።

እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ሃያ አንደኛውን ጋሻ ለእሜቴ ሔስተር እየሣልኩ ነው። ቄሱ አይተው እንዳላዩ አልፈዋል።

እሜቴ የሟቹ ሎርድ እህት ናቸው። ወንድማቸው ኒስ ከተማ ቁማር ሲጫወት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ርስቱን ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው። ወንዙ የሞላ ጊዜ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ላሞቻችንን አውጥተዋል። ልጄ ዊል ፈረንሳይ ጦር ሜዳ ላይ ሲወድቅ የመርዶውን ደብዳቤ ለፖስተኛ አልተዉትም፤ ራሳቸው ይዘውልኝ መጥተው እስኪመሽ አብረውኝ ተቀመጡ። ወንድማቸው ሲሞት ግን ማዕረጉም ርስቱም ለልጁ ለፐርሲቫል ሆነ። አሁን ሐኪሙ ከአጨዳ አያልፉም ብሏል። ሳይሞቱ ጋሻቸውን በዓይናቸው ማየት ፈለጉ፤ ሌላ የጠየቁት ነገር የለም።

«አክስቴ፣ ሕግ እኮ አለ» አለ ፐርሲቫል፣ ከፊተኛው ወንበር ከዘራቸውን ይዘው ወደተቀመጡት እሜቴ ዞሮ። «ጋሻ ለሚዋጋ ነው። ሴት መቼ ትዋጋለች?»

«እዚህ ድንጋይ ሥር የተኛው ሰውዬስ የት ተዋጋ? ለሚሸሽ ንጉሥ ፈረስ አዋሰ፣ በቃ። ሎርድ ያሰኘን እሱ ነው። ፈረሱም አንካሳ ነበር ይላሉ።»

ሳቄ አምልጦኝ ቀለም እጅጌዬ ላይ አፈሰስኩ።

ፐርሲቫል ፊቱ ቀላ። «እኔ አይደለሁም ሕጉን ያወጣሁት።»

«እኔም አይደለሁም። ስለዚህ አልጠብቀውም።»

 በክርክር የተረታ ጌታ ቁጣውን የሚያወርደው አቅም የሌለው ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«ታፕሊ፣ የምትኖርበት ቤት የማን ነው?»

«የርስዎ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው ውረዳ።»

«ውረድ ታፕሊ» አሉ እሜቴም ቀስ ብለው። «በዚህ ዕድሜህ በኔ ጦስ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ።»

 ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሟች ሚስቴ የተከለችው ጽጌረዳ አሁንም በሬ ላይ ያብባል። ፈራሁ፣ አልዋሽም።

«ቀዩ ቀለም ሳይጨረስ መሃል ላይ ከደረቀ ጠባሳ ይተዋል እሜቴ» አልኩና ብሩሹን ነከርኩ።

 ፐርሲቫል በሩን ወርውሮ ዘግቶት ወጣ፤ ኮርኒሱ ላይ ያሉት ርግቦች ተነሡ።

በፈረሱ አንገት ዙሪያ ያለውን ቀይ ለመጨረስ እጄን ስዘረጋ መሰላሉ መንገዳገዱን ተወ። ቁልቁል አየሁ። ከዘራው ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ እሜቴ ሔስተር የመጀመሪያው ሎርድ መቃብር ላይ ቆመው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል።