ያምናው ፊልም

ዶክተሩ የአፀደን አንገት የሚያሳዩ ሁለት የኤምአርአይ ፊልሞችን፣ ያምናውንና የዛሬውን፣ መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰካቸው። ቀኝ እጇ መርፌ መያዝ ካቃተው ሦስት ወር ሆኖታል። «ዲስኩ ነርቭዎን መጫን የጀመረው አምና ነው» አላት። «ያኔ ቀዶ ጥገናውን ቢያደርጉ ኖሮ እጅዎ ይድን ነበር። ለምን እምቢ አሉ?»

አፀደ ወደ ባሏ ዞረች። በሽተኛዋ እንዳትደነግጥ ተብሎ ያምናው ውጤት የተነገረው ለእንደሻው ነበር። ከአሰላ ወደ ሲሬ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ «ብርድ ነው አሉ» ብሏት፣ በማግስቱ ገብስ አጨዳ ገብታለች።

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው» አለ እንደሻው።

«የደነገጥከውስ አንተ ነህ፤ ገብሱን ማን ያጭደዋል ብለህ።»

እንደሻው ነጠላዋን ሊያለብሳት ሲጠጋ ትከሻዋን አሸሸች።

«ዶክተር፣ ካሁን በኋላ የሚሉትን ለእኔ ይንገሩኝ» አለች። «እሱ ውጭ ይጠብቅ።»