ኸይራት የምትኖርበት አገር

ኸይራት የሟች ባሏን መነጽር አድርጋ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጡረታዋ የሚገባበት የስቶክሆልም ባንክ፣ ለግብር የምትኖርበትን አገር እንድታረጋግጥ ጠይቋት ነበር። ልጇም ከዚያው ከተማ በቪዲዮ ደውሎ፣ የወንድሟ ልጅ ሂዳያ በያዘችው ሌላ ስልክ ይጮኻል።

«እማ፣ ስዊድን በይና የእኔን አድራሻ ሙይበት። ኢትዮጵያ ካልሽ ሒሳቡን ሊዘጉብሽ ይችላሉ።»

«ሞጣ ቁጭ ብዬ ስዊድን ነኝ ልበል?»

«አክስቴ፣ ዝም ብለው ስዊድን ይበሏቸው» አለች ሂዳያ። «ማን መጥቶ ያየዎታል?»

«አላህ የት ሄዶ ነው ማንም የማያየኝ?»

ሂዳያ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ አፈነች። ልጁ ግን አልሳቀም። «እዚያ ያለሽው እኮ ለአባቴ ኢዳ ስለተቀመጥሽ ብቻ ነው። ሲያልቅ ትመጪ የለ?»

ኸይራት ባሏን ከቀበረች ወዲህ፣ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን የኢዳ ወራት አክብራ፣ ከግቢዋ አልወጣችም። ልጇ «ነይ» ባላት ቁጥርም «መጀመሪያ ኢዳዬ ይለቅ» እያለች ታመልጠው ነበር። አሁን ጣቷን ኢትዮጵያ በሚለው ላይ አሳረፈች፤ ሳትቸኩል ተጫነችውና ላከችው።

«እማ! ምን አደረግሽ?»

«ኢዳዬማ ከረመዳን በፊት ያልቃል» አለች፣ ስልኩን ከሂዳያ እጅ ተቀብላ። «ያን ጊዜ ገበያ እወጣለሁ እንጂ አውሮፕላን አልሳፈርም። ሒሳቡን ከፈለጉ ይዝጉት። እኔ ከናፈቅሁህ አንተ ና፤ በሩ ክፍት ነው።»