ከቲማቲሙ ማሳ ጀርባ

ፖ ኬት ፎቶ አንሺ አይወድም። ኢንሌ ሐይቅ ላይ ሃያ ዓመት ጀልባ ሲነዳ ያላየው ዓይነት የለም። ፀሐይ ስትወጣ አይቶ የሚያለቅስ አለ። ዳክዬዋን ራሱ አስደንግጦ «ለምን በረረች?» ብሎ የሚቆጣ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን መምህር ነኝ የሚለው ነው።

መምህር ቴዛ ስድስት ተማሪዎች ያሉት፣ ከትልቁ ከተማ ከያንጎን የመጣ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ በደረሱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደብ ላይ አቁሞ አስተማራቸው።

«ፎቶ የምታነሱበት አገር አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ ብቻችሁን ዙሩ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።» ከዚያ ውሃው ላይ ወደተደረደሩት ሰዎች በአገጩ አመለከተ። አንድ እግራቸውን መቅዘፊያው ላይ ጠምጥመው፣ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሾለ ረጅም መረብ አንስተው ቱሪስት ይጠብቃሉ። «እነዚህ ተዋንያን ናቸው። ተከፍሎት እግሩን የሚያነሳ ሰው ስታነሱ፣ ያነሳችሁት የገዛ ኪሳችሁን ነው።»

ተማሪዎቹ ጻፉ። ከተዋንያኑ አንዱ የፖ ኬት ሚስት ወንድም ነው። 

«አንተ» አለው መምህሩ፤ «ነገ ጠዋት እውነተኛ ዓሣ አጥማጅ አሳየን። ካሳየኸን የቱሪስቱን ወቅት ሙሉ የትምህርት ቤቴ የጀልባ ሥራ ያንተ ነው። ካላሳየኸን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ከቲማቲሙ ማሳ ጀርባ ብትሞክርስ? እዚያ ቱሪስት አይደርስም ይባላል።»

ፖ ኬት ሥራው ያስፈልገዋል። ያን ዓመት እንግዳ አልነበረም፤ ሥራው ካመለጠው ጀልባውን ሸጦ ወደ አረም ነቀላ ይመለሳል። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በቀርከሃ ዘንግ ከሐይቁ ሥር አረም እየጎተተ፣ ውሃ ላይ ለሚንሳፈፈው የቲማቲም ማሳ መደብ እንዲሆን ጀልባ ላይ ይጭን ነበር። በብርድ ወር ጥፍሩ ይጠቁራል። አባቱ የሚመታው ሲሰንፍ ሳይሆን ሲንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚያ ለማንም አያወራም።

እውነተኛ ዓሣ አጥማጅማ ሞልቷል። የኳስ ተጫዋች ማልያ ለብሶ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ የናይሎን መረብ የሚጥለው ሁሉ እውነተኛ ነው። እሱን ግን የሚያነሳ የለም። ከማሳው ጀርባ፣ በእግር እየቀዘፈ ያን ረጅም መረብ ማንሳት የሚችል አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል፤ የፖ ኬት አጎት ባ ትዊን። እሳቸውም ዓሣ ካጠመዱ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው።

በዚያው ምሽት ሄዶ ለመናቸው። ባ ትዊን ለ«እንደምን አደርክ» እንኳ ክርክር የሚያነሱ ሰው ናቸው። አሁን ግን ሰምተው ሲጨርሱ ረጅም ሳቅ ሳቁና «እሺ» አሉ።

ጠዋት ጀልባዋ ላይ ምክሩ ቀጠለ።

«ባትሪያችሁን ብብታችሁ ውስጥ ያዙ፤ ብርድ ይበላዋል። ሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ቀይ ነገር ካለች ዓይን እሷ ላይ ያርፋል። ከሌንስ ሁሉ የሚበልጠው እግራችሁ ነው፤ ሰው ስታዩ ጠጋ በሉ።»

ፖ ኬት በልቡ «የብርድ መምህር!» አለ።

ውሃው ዳር ያለው ገዳም ጋ ሲደርሱ አበባና ምግብ የጫኑ ጀልባዎች ተሰልፈው አየ።  ሙሉ ጨረቃ ነው! በዚህ ቅዱስ ቀን በመንደሩ የዓሣም ቢሆን ነፍስ የሚያጠፋ የለም፤ መረብ ሁሉ ደጅ ይሰቀላል። ወደ ኋላ ማለት ግን አልተቻለም።

ሞተሩን አጠፋ። ጉሙ ውስጥ ባ ትዊን ቆመዋል፤ እግራቸው መቅዘፊያው ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባቸው። ራሳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ጠምጥመዋል።

«ሽማግሌው ሠርግ የተጠሩ መሰላቸው እንዴ?» አለ ፖ ኬት ለራሱ።

መምህሩ «እህ! እህ!» ብሎ ሳለ። መረቡ ተነሣ። ካሜራው ሁሉ ተንጣጣ። እንደገና ሳለ፤ መረቡ እንደገና ተነሣ።

«ብርዱ መታዎት፣ መምህር?» አለ ፖ ኬት።

«ዝም ብለህ ጀልባህን ያዝ።»

ዪን ማር የምትባለው ተማሪ ካሜራዋን አወረደች። «መምህር፣ ዛሬ ሙሉ ጨረቃ አይደል እንዴ? በእናቴ አገር ዛሬ ዓሣ የሚያጠምድ የለም።»



መምህሩ ዞር እንኳ አላለም። «የተራበ ሰው ጨረቃ አይቆጥርም። ጻፊው።»

ጻፈችው። «ጠጋ ብለን ምን እንደያዙ ብናይስ?»

«እንዳትጠጉ! ሰውየው ሥራ ላይ ነው።»

ፖ ኬት ከንፈሩን ነከሰ። ይሄንን ብሎ መምህር! ዓሣ የሌለበት መረብ እያሳዩት እውነት ነው ብሎ የሚያስተምር። ወደቡ እስኪደርስ ሳቁን እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ያዘ።

ወደቡ ላይ መምህሩ ትከሻውን ጨበጠ። «እዩት ይሄንን ሰው። ውሸት አያውቅም። ወቅቱ ያንተ ነው፣ ፖ ኬት!» ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ከሰዓት በኋላ አንድ እስር ሲጋራ ይዞ አጎቱ ዘንድ ሄደ።

«ሙሉ ጨረቃ መሆኑን እያወቁ እንዴት ዝም ይሉኛል? ልቤ ቀጥ ልትል ነበር እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ ያ መረብ ታቹ ከተቀደደ አሥር ዓመቱ። አሳማ ያሳልፋል። እሱን ማንሳት ምን ኃጢአት አለው?»

ፖ ኬት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «መምህር ተብዬውን ግን አዩልኝ? እንደዚያ ያለ ጅል ሐይቁ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እሺ፣ ቀይዋን ጨርቅስ ከየት አመጧት?»

ባ ትዊን ጨርቁን ከራሳቸው ፈተው በጥንቃቄ አጠፉት።

«ሰውየው ነዋ! ከትናንት ወዲያ በሌላ ጀልባ ብቻውን መጥቶ ሰጠኝ፤ ‹ስስል መረቡን ያንሡ፤ የሚያመጣን ጀልባ ነጂ ግን እንዳይሰማ፣ የዋህ ሰው መርጫለሁ› ብሎ።»