የሳሎማ ጠብታ

ምራትና አማት ሲከራከሩ ማን እንደረታ በምን ይታወቃል? ሎቪና ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለችም።

ነገሩ የጀመረው በልጇ በሜኖ ነው። ሜኖ ትንሽ ልጅ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሰጠው መድኃኒት ልጁን አግዳሚ ላይ እንደ ድንች ጆንያ ዘርግቶት ይውል ነበር፤ መውደቁ ግን አልቀረም። ሁለተኛው ደግሞ ነካሽ አደረገው። አባቱን ነከሰ፣ ፈረሱንም ሊነክስ ሞከረ። መውደቁ ያው ነው።

"ሐኪምሽ ልጄ ላይ መድኃኒት እንደ ጫማ ነው እንዴ የሚለካው?" አለች አማቷ ሳሎማ።

ሳሎማ የምትኖረው እዚያው ግቢ፣ ጎናቸው በተሠራችው ትንሽ ቤት ነው። ከሥራሥር ቀቅላ የምታወጣው መራራ ጠብታ አላት። ለሳል እሱ፣ ለቁርጥማት እሱ፣ ላም ሆዷ ሲነፋም እሱ ነው።

"እማማ፣ የላም መድኃኒት ለልጄ አልሰጥም።"

"ላሚቱ ሰው አልነከሰች!"

ሐኪሙ ሦስተኛውን አዘዘ፤ ሽሮፕ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ እንዲበቃ ብሎ ካርቶን ሙሉ ሰጣት። ሎቪና ሁለተኛውን መድኃኒት እንደታዘዘችው ቀስ እያለች ቀንሳ ጨረሰች። ከዚያ ከሽሮፑ ጋር የመጣውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ማስመለስ ይላል፤ መፍዘዝ ይላል፤ ቀጥሎ አንድ የማታውቀው ረጅም ቃል አለ። ያንን ቃል ፈራችው። ካርቶኑን ምድር ቤት፣ ከኮክ ማሰሮዎቹ ኋላ ሸጎጠችው።

ለባሏ ለኤርቪን አልነገረችም። ለሳሎማ ደግሞ እንዴት ተደርጎ! ያቺ ሴት ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሁሉ ነው የምታወራው።

"እማማ" አለቻት በማግስቱ፣ "ያንን ጠብታዎን ከሽሮፑ ጎን ትንሽ ቢያቀምሱትስ?"

ሳሎማ አተኩራ አየቻት። "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" አለች፤ ማንኪያም አነሳች። ሜኖ ቀመሰና በመሐረቧ ላይ ተፋባት።

በዚያው ሳምንት፣ ሳሎማ ከምድር ቤት ያወጣችውን ኮክ ምሳ ላይ እየበሉ፣ "ያ ሐኪምሽ ሽሮፑን ስንት ስንት ስጪው አለሽ? እስቲ ልሳቅበት" አለቻት።

ሎቪና የጠዋቱንም የማታውንም ነገረቻት። ሳሎማ ሳቀች። ደግማ ጠየቀቻት፤ ደግማ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ጠብታውን ከሳሎማ በቀር የሚሰጥ የለም። ጠዋት ላሞቹ ሲታለቡ፣ ማታም ሲታለቡ፣ ሳታዛንፍ ትሰጠዋለች። ጠርሙሷን ማንም አይነካም። ሜኖም ለመደ፤ ጭራሽ ማንኪያውን መላስ ጀመረ።

እየቆየ መውደቁ ተራራቀ። ድርቆሽ ሲታጨድ ጨርሶ ቀረ።

"ምን አልኩሽ!" አለች ሳሎማ።

"ሽሮፑ ነው እንጂ" አለች ሎቪና፣ ለይምሰል። በልቧ ግን ጠብታውን ታመሰግን ነበር።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ከጉባኤው ሴቶች አንዷ፣ ቬርና፣ የሎቪናን ክንድ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። የቬርናም ልጅ ትወድቃለች፤ ግንባሯ ላይ ያልዳነ ቁስል አለ።

"የኔ እህት፣ አትደብቂኝ። ሽሮፑ ነው ወይስ ጠብታው?"

ሎቪና የልጅቷን ግንባር አየች። መዋሸት አቃታት። "ጠብታው ነው። ሽሮፑን ከፍቼውም አላውቅ።"

ቬርና ቀጥ ብላ ወደ ሳሎማ ሄደች። "እትዬ ሳሎማ፣ ከጠብታው ይስጡኝ። የሐኪሙን ከነገ ጀምሮ እተወዋለሁ።"

ሳሎማ እንደ ልማዷ ትፎክራለች ሲባል አልፎከረችም። "ተይ፣ እስከ ሐሙስ የያዝሽውን እንዳትተዪ" አለቻት። ወደ ሎቪናም ዞራ፣ "ሐሙስ ለሜኖ ቀጠሮ ሐኪም ቤት እኔም እሄዳለሁ" አለች።

ሎቪና ሐኪሙን ፊት ለፊት ልታዋርደው ነው ብላ አሰበች።

ሐሙስ በኪራይ መኪና ሄዱ። ሳሎማ የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ሜኖን አገላብጦ አየውና ፊቱ በራ።

"ከሦስቱ የረታው ይህኛው ነዋ! የቬርናንም ልጅ በዚሁ ልሞክራት ነው። ለሜኖ ያንኑ ልድገምለት?"

ሎቪና ዝም ካለች የሰው ልጅ በሷ ውሸት የማይረባ ነገር ልትጠጣ ነው።

"ዶክተር፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ..."

"ድገምለት እንጂ!" አለች ሳሎማ፣ ዓይኗን ከሹራቧ ሳትነቅል። "ከማሰሮዎቹ ኋላ ካገኘሁት ሽሮፕ የመጨረሻውን ጠርሙስ ትናንት ማታ ሰጥቼው ጨረስኩ። ለቬርናም አንተው ንገራት፤ እኔ አፍራለሁ።"

እስቲ እናንተ ምከሯት፤ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ሎቪና መኪናው ውስጥ ምን ብላ ትጀምር?