ፍየሏ የበላችው ገጽ

«ጽሕፈቴ አያምርም፤ ፊደልም እስታለሁ። የሚያነበው ሰው ይቅር ይበለኝ» አለች ጉያቱ፣ ብዕሩን የሚነክስ ነገር ይመስል በሩቁ ይዛ።

«አንቺ ብቻ ጻፊ። ካወቁብን የሚያሳስበን ያንቺ ፊደል አይሆንም» አለች እህቷ ዲንኪቱ።

ፍየሏ ደጃፉ ላይ ተኝታ ታመሰኳለች። ከአልበሙ የጎደለው ገጽ ሆዷ ውስጥ ነው።

ዲንኪቱ የነገሌ ልጅ ናት። ከጦር ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ጣሰውን ካገባች ሁለት ዓመት አልፏታል። አማቷ ወይዘሮ እናትነሽ ከመንዝ ድረስ በጭነት መኪና ተንገላተው የመጡት ሙሽራይቱን ለማየት ነበር። ሲወርዱ በነጠላ የተጠቀለለ የፎቶ አልበም እንደ ሕፃን ታቅፈው ነበር።

«ይህን ያወረሱኝ አማቴ ናቸው» አሉ በመጀመሪያው ቀን። «ለልጄ ቤት የምትሆን ሴት ካገኘሁ ዓርብ ስመለስ እዚሁ እተወዋለሁ። ካላገኘሁ ይዤው እሄዳለሁ።» ይህን ያሉት ለዲንኪቱ አልነበረም፤ ዲንኪቱ ፊት ቆመው ለጣሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዲንኪቱ እንቅልፍ አልነበራትም።

ወይዘሮ እናትነሽ አልበሙን ለማንም አያስነኩም። በየመኮንኑ ቤት ይዘውት ይዞራሉ፤ ገጹን የሚገልጡት ራሳቸው ናቸው። ሻይ ሲቀርብ ከጠረጴዛው ያነሡታል። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ከቤት አያወጡትም። «ያረጀ ነገር ከውሃ ጋር አይስማማም» ይላሉ። በዚያ እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ስለ ነበር አልበሙን አልጋው ላይ ትተው ክርስትና ሄዱ።

«አንድ ጊዜ ብቻ እንየው» አለች ዲንኪቱ። ገና ገልጠው ሳይጠግቡ ወተት የምታመጣላቸው ሴት ከደጅ «አካም? ናጋ?» አለች። ሁለቱም ወጡ። የቦረና ሰላምታ ደግሞ ከብቱ፣ ጉድጓዱ፣ ዝናቡና የታመመው አጎት ሁሉ ተራ በተራ ሳይጠየቅ አያልቅም። ሰላምታው ሲያልቅ ገጹም አልቆ ነበር።

በማዕዘናቸው ብቻ ተሰክተው የነበሩት ሁለት ፎቶዎች መሬት ወድቀው ተረፉ። ፍየሏ የወደደችው ወረቀቱን ነው።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ፍየሏን እንረዳት?» አለች ጉያቱ።

«ብናርዳት ገጹ ተመልሶ ይወጣል?»

ጉያቱ የድሮ ደብተሯ ትዝ አላት። ትምህርት ቤት ሳለች ጥቁርና ቀይ የቀለም ጠርሙሶቿ ቦርሳዋ ውስጥ ተሰብረው፣ ደብተሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ለማጽዳት ሞክራ ነበር። ሲደርቅ ደብተሩ ቡናማ ሆነ። መምህሩ ከፍ አድርጎ ለክፍሉ እያሳየ «ይህን ከየትኛው ገዳም ነው ያወጣሽው?» ብሎ ሲያስቅባት፣ አፍራ አንድ ሳምንት ቀና አላለችም።

ያ እፍረት አሁን ጠቀማት። አብዱላሂ ሱቅ ሮጣ ወፍራም የሥዕል ወረቀትና ሁለቱን ቀለሞች ይዛ መጣች። ቀለሞቹን በኩባያ ውሃ አቀጠነቻቸው። በጥጥ እየነከረች መሃሉን ሳሳ አድርጋ ቀባች፤ ጠርዙ ላይ ደገመችበት።

«ፎቶው የሚሸፍነውን ምን ያደክምሻል?» አለች ዲንኪቱ።

ጉያቱ ሌላ ገጽ ላይ ያለ ፎቶ በጥንቃቄ አነሣች። ሥሩ ያለው ወረቀትም እንደ ዙሪያው ቡናማ ነው። «እዚያም አለ» ብላ ሁሉንም እኩል ቀባችው። ወረቀቱን በካውያ አድርቀው፣ የአልበሙን ክር ፈትተው አስገቡት፤ ሁለቱን ፎቶዎችም መልሰው ሰኩበት። ስንት ጊዜ ሲነበብ የሰማችውን «አያታችን በበቅሎ ላይ» የሚለውንም ጻፈችበት። «በቅሎ» የሚለው ቃል ከበቅሎዋ ገዘፈ።

ወይዘሮ እናትነሽ ከክርስትናው ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት የጉያቱን ጣቶች ነው።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«የትምህርት ቤት ቀለም ነው፣ እማማ።»

«ትምህርቴን ጨርሻለሁ አላልሽኝም እንዴ?»

ጉያቱ ወደ ሳሙናው ሮጠች።

«በሳሙና አትድከሚ። ቀለም በሎሚ ነው የሚለቀው» አሉና አልፈው ገቡ። ዲንኪቱ የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊያመልጥ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። መኪናው ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል። ወይዘሮ እናትነሽ አልበሙን ጭናቸው ላይ አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ይገልጡ ጀመር። አዲሱ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አወጡ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ጎንበስ ብለውም አሸተቱት።

«እማዬ፣ መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል!» አለ ጣሰው።

«ይሂድ!»

ዲንኪቱ መሬት መሬት ታያለች። ጉያቱ ከበሩ ጀርባ ሆና ፍየሏን ረገመቻት።

አሮጊቷ አልበሙን ዘጉት። በነጠላው ጠቀለሉት። ተነሥተውም በሁለት እጃቸው ለዲንኪቱ ሰጧት። «ያዢ፣ የልጄ ሚስት። ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው።»

ዲንኪቱ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች፤ ጣሰው ምን እንደሚያስለቅሳት አልገባውም።

ጉያቱ ጓዛቸውን ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። ጋቢናው ውስጥ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ በጣታቸው ጠሯት። ሾፌሩን በዓይናቸው ገርመም አድርገው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ጥጥ ወረቀቱ ላይ ብናኝ ይተዋል፤ የሚሻለው የዶሮ ላባ ነው። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ የዚያን አልበም ገጽ ሁሉ በአዲስ ወረቀት ተክቼ ከዳር እስከ ዳር በላባ ቀብቼው፣ አማቴ እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም።»